ከለቅሶ ቤት ለብሼው የገባሁት ባና

ባለፈው ሰኔ የበግ ማቆያውን ቁልፍ አስረክቤ ወጣሁ። እዚህ ላይ ፈርሚ አሉኝ፣ ፈረምሁ። አንድ ጥንድ ቡትስና አንድ ጋዋን መልሺ አሉኝ፣ መለስሁ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ስነሣ እግሬ ወደ በሩ ይሄዳል፤ "ወዴት ነው?" ብዬ ራሴን እመልሰዋለሁ። የልጅ ልጆቼ "እማማ፣ እስቲ አንዴ አረፍ በይ" ይሉኛል። ዕድሜዬን ሙሉ ከገበያ ገበያ፣ ከጉረኖ ጉረኖ ስዞር የኖርሁ ሰው ነኝና መቀመጥ አይሆንልኝም። ከተቀመጥሁ አይቀር ደግሞ ይህን ልጻፍ አልሁ። ተማሪ ቤት አልገባሁም፤ ቁጥሩን ከበግ ጆሮ፣ ፊደሉን ከልጄ ደብተር ነው የለየሁት። ነገሬ ወዲያና ወዲህ ካለባችሁ ታገሡኝ።

ሥራዬን ለማያውቅ ልንገር። የመንዝ በግ ከነሕይወቱ ባሕር ተሻግሮ ዓረብ አገር ይሄዳል። የሚቀበለው አገር በጋችንን እንጂ በሽታችንን አይፈልግም። ስለዚህ በጉ የተነሣበት መንደር ለብዙ ወራት ተላላፊ በሽታ ያልታየበት መሆን አለበት። በጉ ጆሮው ላይ ቁጥር ይደረግለታል፣ ይከተባል፣ ደሙ ተወስዶ ይመረመራል፣ ከማያውቀው በግ ጋር ሳይቀላቀል ሃያ አንድ ቀን ማቆያ ይቀመጣል። ከዚያ ሐኪሙ የጤና ምስክር ወረቀቱ ላይ ይፈርማል። በሃያኛው ቀን አንዱ ቢታመም አብሮት ያደረው ሁሉ ቀረ ማለት ነው።

አንዲት ወጣት ሐኪም ለልምምድ መጥታ ሳለች፣ በሌላ አገር በሕይወት ያለ ዓሣና የባሕር ፍጥረት እንኳ ያለ ጤና ወረቀት ድንበር አያልፍም፣ የኖረበት ውኃ ሳይቀር ይመረመራል ብላ አጫወተችኝ። እኔም "ዓሣ ያስላል እንዴ?" ብዬ ጠየቅኋት። ሳቀችና "አያስልም እማማ፣ ግን ይታመማል፤ ውኃው ያጋባዋል" አለችኝ። እኛ ዘንድ ደግሞ ምን እንደሚያጋባ እኔ በራሴ ላይ አይቼዋለሁ። ወደዚያ እመጣለሁ።

በግ የጀመርሁት ለአንድ ነጋዴ እየነዳሁ ነው። ዘመሮ ገበያ የተገዛውን ወደ መሐል ሜዳ፣ መሐል ሜዳ የተገዛውን ወደ ሞላሌ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ልጆቼን ያሳደግሁት በዚሁ ነው። በጉን ዳብሼ የታመመውን ስለማወጣ ነጋዴው ከእኔ ሳይማከር አይገዛም ነበር። ማቆያው ሲከፈት በጠጠር ጠራጊነት ቀጠሩኝ፤ የበግ በጠጥ ማለቴ ነው። የመጀመሪያው ኃላፊያችን ኖራ መቀባት የሚወድ ሰው ነበር። አጥሩ ነጭ፣ ገንዳው ነጭ፣ ድንጋዩ ነጭ። በጎቹን ግን ቀርቦ አያያቸውም። እሱ ሄደና ሌላ መጣ፤ እሱ ደግሞ በር ተዘግቷል ወይ ብቻ ይጠይቃል። እንዲህ እያልን ኖርን።

አንድ ዓመት ከበጎች ጋር ወደ ቆላ ማቆያ ላኩኝ። የእኛ በግ ጠጉሩ ወፍራም ስለሆነ እዚያ ሲደርስ ማለከለክ ነው። የቆላው ሠራተኞች ሁሉም የሳንባ በሽታ ይዟቸዋል ብለው ደነገጡ። እኔ ጥላ ሥር አስገባኋቸውና ውኃ ሰጥቼ ቁጭ አልሁ። ከሙቀት የመጣ ትንፋሽ ጥላ ሲያገኝ ይበርዳል፤ ከበሽታ የመጣ አይበርድም። ከሁሉም ውስጥ ሁለት ብቻ ሲያለከልኩ ቀሩ። እነሱን ለይተን ሌሎቹ አለፉ። ከዚያ ስመለስ ነው መጥረጊያዬን አስቀምጬ በግ እንድመረምር የተደረግሁት።

ያስተማሩኝ ጋሽ ወልደሰንበት ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር። የእንስሳት ጤና ረዳት ነበሩ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው። ጠዋት ሲመጡ ወደ ጉረኖው አይገቡም። ከአጥሩ ውጭ ጀርባቸውን ሰጥተው ቁጢጥ ይሉና መንገድ የሚያዩ ይመስላሉ። በግ ሰው ካየ ሕመሙን ይደብቃል፤ ቀበሮ እንዳይመርጠው ጥንት የተማረው ነው ይሉ ነበር። በጎቹ ሲረሷቸው ቀስ ብለው ዞር ይላሉ። የትኛው ዘግይቶ ተነሣ፣ የትኛው አያመሰኳም፣ የትኛው ከድርቆሹ ፊት ቆሞ አይበላም፤ ይህን ሳያውቁ አይገቡም።

ሲገቡም ከጤነኞቹ ጀምረው በበሽተኞቹ ይጨርሳሉ እንጂ ወደ ኋላ አይመለሱም። ጫማቸውን ማጠቢያው ላይ መጀመሪያ በብሩሽ ይፍቃሉ፣ ከዚያ መድኃኒቱ ውስጥ ይነክራሉ። እኔ አዲስ ሳለሁ ከነጭቃዬ ነክሬ ልገባ ስል ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። "አስካለ፣ ይኼ እኮ ከነልብሱ ሰው ማጠብ ነው" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሳልፍቅ ነክሬ አላውቅም።

እጃቸውን እንዲህ ያደርጉት ነበር። ከጆሮው ሥር ይይዛሉ፤ ትኩሳት ካለ እዚያ ይታወቃቸዋል፣ ቴርሞሜትሩ በኋላ ያጸድቅላቸዋል። አፉን ከፍተው ያሸታሉ። ዓይኑን ያያሉ። ከዚያ በጉ ጠጉር የሌለው በሦስት ቦታ ነው ይሉኛል፤ ከላቱ ሥር፣ ከብብቱ ሥርና ከጭኑ መካከል። የበግ ፈንጣጣ መጀመሪያ የሚወጣው እዚያ ነው፤ እንደ ምስር ፍሬ ያለ ጠጣር ነገር ሆኖ ከጣት ሥር ይገኛል። ጠጉሩ ያማረ በግ አይቼ ስደሰት "በጠጉር አትመኚ፤ መንዜ በርኖሱን ከደረበ ከውስጥ ቀዳዳ መልበሱን ማን ያውቃል?" ብለው ያስቁኛል።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ታናሽ እህቴ የሺ አጋም በር ከሚባል መንደር ነው ያገባችው፤ ከማቆያው የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ባሏ ሞተና ለለቅሶ ሄድሁ። ሠልስቱን ተቀምጬ ስነሣ ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። የሺ የባሏን ባና አውጥታ አለበሰችኝ፤ ከበግ ጠጉር የተሠራው ያ ከባዱ ደራቢያችን ነው። አይሆንም አልኋት። እሷም፣ ይኼ ባና የሰው ብቻ አይደለም፤ ግልገሎቹ ሲታመሙ በዚህ ጠቅልሎ እሳት ዳር አሳድሮ ነው ያተረፋቸው፣ እኔ ሳየው ሆዴ ይባባል፣ አንቺ ልበሽው አለችኝ። ለብሼው መጣሁ። ግልገሎቹ ምን ሆነው ነበር ብዬ አልጠየቅሁም። ለቅሶ ቤት ሄዶ ጉረኖ የሚፈትሽ ሰው የለም፤ ነውር ነው።

ማለዳ ማቆያው ደረስሁ። ጫማዬን ፋቅሁ፣ ነከርሁ፣ እጄን ታጠብሁ፣ ጋዋን ለበስሁ። በጋዋኑ ላይ ባናውን ደረብሁት። በርዶኛላ።

መካከለኛው ጉረኖ ውስጥ የዋሻ አምባ ገበሬዎች በጎች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ለዚህ ሥራ ሁለት ዓመት የደከሙ ናቸው። በግ ሁሉ አስከትበው፣ ከሌላ መንደር የመጣ በግ አናስገባም ብለው ተማምለው፣ መንደራቸው መግቢያ ላይ በተራ የሚጠብቅ ሰው አቁመው ነበር። በጎቻቸው የመጨረሻዎቹ ገቢዎች ናቸው፤ ሁሉንም በእጄ አይቼ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ያን ጠዋት ከመካከላቸው አንድ ጠቦት ጥግ ላይ ሲንቀጠቀጥ አገኘሁት። እርጥብ ላይ ተኝቶ በርዶት ነው እንጂ ሌላ አልነበረበትም። እኛ አገር በግ ሲበርደው የሚደረገውን ሁሉም ያውቃል። ባናውን ከትከሻዬ አውርጄ ጠቀለልሁት። ፀሐይ እስኪሞቅ እንደዚያው ቆየ፤ ከዚያ ተነሥቶ ድርቆሹን በላ። ደስ አለኝ።

በአሥረኛው ቀን ያ ጠቦት ዓይኑ አለቀሰ። ጆሮው ሥር ስይዘው ይፋጃል። ላቱን አነሣሁና ጣቴን ሰደድሁ። ምስር። አንድ፣ ሁለት፣ ብዙ።

ያን ጊዜ የሺ የነገረችኝ ሁሉ ተራ በተራ መጣብኝ። ባናው፣ ግልገሎቹ፣ እሳት ዳሩ። ፈንጣጣ ቅርፊቱ ከጠጉር ጋር ከተጣበቀ ብዙ ወራት እንደሚኖር ጋሽ ወልደሰንበት አስተምረውኛል። ጫማዬን ስፍቅ በሽታውን ትከሻዬ ላይ ይዤው ነበር።

ጮኼ ሐኪም ጠራሁ፤ ይህን አደረግሁ። ስለ ባናው ግን አልተናገርሁም። ጉረኖው ተዘጋ፣ ወደ ውጭ የሚሄደው ሁሉ ቆመ። ከየት መጣ ተባለ። ከሁለቱ በኋላ የመጣው ኃላፊያችን፣ በሽታው የታየው በዋሻ አምባ በጎች ላይ ነው፣ የመጨረሻ የገቡትም እነሱ ናቸው፣ እንግዲያው ከነሱ ነው ብሎ ደመደመ። የደሙ ምርመራ ውጤት እንደመጣ መንደሩ እንዲዘጋ ደብዳቤ እጽፋለሁ አለ። ያ ደብዳቤ ከተጻፈ ዋሻ አምባ ወደ ውጭ መላክ ይቅርና ሞላሌ ገበያም በግ ማውጣት አይችልም። እኔ ይህን እየሰማሁ ዝም አልሁ። ሥራዬን ፈራሁ፣ የእህቴን ስም ፈራሁ። አምስት ቀን ዝም አልሁ፤ አሁን ስጽፈው እንኳ ያሳፍረኛል።

በአምስተኛው ቀን የዋሻ አምባ ገበሬዎች ተጠሪ አቶ ደምሴ መጣ። ማንም እንዲገባ አይፈቀድምና በሩ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ። አጠገቡ ሄጄ ቆምሁ።

"እትዬ አስካለ፣ በጎቹን ያስገቡልን እርስዎ ነዎት" አለኝ።

"አዎ።"

"በእጅዎ አይተዋቸዋል።"

"አይቻቸዋለሁ።"

"ያን ቀን ነበረባቸው?"

"አልነበረባቸውም።"

"እንግዲያስ ከየት መጣ?"

ወደ ጉረኖው ዞር አልሁ። እሱም አልጨቀጨቀኝም። ለመንደሬ ምን ብዬ ልንገራቸው፣ ጠባቂ ያቆምነው ለዚህ ነው ወይ ብሎ ራሱን ጠየቀና በትሩን አንሥቶ ሄደ።

ጋሽ ወልደሰንበትን መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ጠርሙስ ሲያጥቡ አገኘኋቸው። ቆሜ ሁሉንም ነገርኋቸው። ሲሰሙ እጃቸው ማጠቡን አላቆመም። ስጨርስ "ባናው አሁን የት ነው?" ብለው ጠየቁኝ። የጥበቃው ጎጆ ውስጥ ተሰቅሏል አልኋቸው። ከጠቦቱ ሌላ ምን ነክቶ ነበር? የትኛው ጉረኖ ገባሽ? በየትኛው ቀን? እያሉ በጣታቸው ቆጠሩ። ከዚያ ጠርሙሱን አስቀመጡ።

"ነገ ለኃላፊው አንቺው ትነግሪዋለሽ" አሉኝ። "እኔ ብነግረው ወሬ ይሆናል።"

"ያባርረኛል፣ ጋሼ።"

"ሊያባርርሽ ይችላል። ዋሻ አምባ ግን አይዘጋም።"

ነገርሁት። ኃላፊው ወጣት ነው፣ ቁጡ ነው፤ ፊቱ ቀላ። ከዛሬ ጀምሮ እንዳላይሽ አለኝ። ጋሽ ወልደሰንበት በሩ ላይ ቆመው ነበርና፣ ይችን ካባረርህ ከእንግዲህ እዚህ ግቢ ውስጥ ጥፋቱን የሚነግርህ ሰው አታገኝም፣ በሽታ ደግሞ የሚያድገው ሰው ዝም ሲል ነው አሉት። በመጨረሻ ከበግ ምርመራ አውጥቶ ወደ መጥረጊያዬ መለሰኝ። ደብዳቤውን አልጻፈውም። ሐኪሞች ዋሻ አምባ ወጥተው በጎቹን አንድ በአንድ አዩ፤ አንድ የታመመ አልተገኘም። መንደሩ ነፃ ነው ተባለ። ማቆያ የነበሩት በጎቻቸው ግን ውጭ መሄዳቸው ቀረ፤ ክትባቱ ያልሠራላቸው የሞቱም አሉ። ያ የእኔ ነው፤ ማንም ላይ አላላክከውም።

አጋም በር ስንሄድ እኔም ከሐኪሞቹና ከጋሽ ወልደሰንበት ጋር ወረድሁ። የየሺ በጎች ላይ የደረቀ ቁስል ተገኘ። እህቴ መጀመሪያ ሐኪሞቹን፣ ቀጥሎ እኔን አየች። "እታለም፣ የሟች ልብስ ሰጥቼሽ ክስ ይዘሽልኝ መጣሽ?" አለችኝ። ባናው መቃጠሉን ስነግራት ጀርባዋን ሰጠችኝ። ጋሽ ወልደሰንበት አጠገቧ ተቀመጡና፣ ማንም አልከሰሰሽም፣ ባልሽ ግልገሎቹን ሲያተርፍ ያደረገው እኛ ሁላችንም የምናደርገውን ነው፣ አሁን የቀሩት እንዳይታመሙ እንከትብ አሏት። ተነሥታ የጉረኖዋን መዝጊያ ከፈተችልን። በዙሪያው ያለ መንደር በግ ሁሉ ተከተበ። ዓመት እስኪሞላ ከእኔ ጋር አልተነጋገረችም። ከዚያ አንድ ቀን ገበያ የመጣ ሰው፣ "የሺ፣ ግልገሎቹ ሁሉ ደኅና ናቸው፣ ለእታለም ንገርልኝ ብላለች" አለኝ። ለትንሣኤ ሄድሁ። አቅፋ ሳመችኝ፤ ስለዚያ ነገር አንዲት ቃል አላነሣችም፣ እኔም አላነሣሁ።

ማቆያው ውስጥ ደግሞ አዲስ ደንብ ወጣ። ከደጅ የተለበሰ ማንኛውም ልብስ፣ ነጠላም ሆነ ሹራብ፣ በሩ ላይ ይቀራል፤ ውስጥ የሚለበሰው ውስጥ የታጠበው ብቻ ነው። ለሚበርደው ሠራተኛ ከጥጥ የተሠራ ካፖርት ተሰፋ። የሚገባ ሰው ሁሉ ደግሞ ካለፈው ሳምንት ወዲህ የማን በግ አጠገብ እንደነበረ ይጠየቃል፤ ለቅሶም ይሁን ሠርግ። መጀመሪያ ሰዎቹ ሳቁ። "ሬሳ መሸከሜንም ልንገራችሁ?" ያለ ነበር። ንገረን አልነው። እየቆየ ሁሉም ለመደው።

ክረምቱን ጠረግሁ፣ በጋውንም ጠረግሁ። በሚቀጥለው ዓመት ዋሻ አምባ እንደገና በግ አመጣ። ያን ጊዜ የሚመረምረው ሌላ ሠራተኛ ነበር። እኔ መጥረጊያዬን ይዤ ገንዳው አጠገብ ቆሜአለሁ። አቶ ደምሴ ከመንደሩ ሰዎች ጋር በሩ ላይ ቆሞ በጎቹን አላስገባም አለ።

ኃላፊው ወጣ፤ ምን ሆናችሁ አላቸው።

"እትዬ አስካለ ይዩልን" አለ ደምሴ።

"እሳቸው እኮ ናቸው ያን ጊዜ በሽታውን ያስገቡባችሁ።"

"እናውቃለን። ባይናገሩ ኖሮ ግን ዛሬ የምናመጣው በግ አልነበረንም።"

ኃላፊው ወደ እኔ ዞረ። እኔ መጥረጊያዬን አየሁ፤ ምን ላድርግ? ጋሽ ወልደሰንበት፣ ያን ጊዜ ዓይናቸው ደክሞ ነበር፣ ከወንበራቸው ሆነው "ታጠቢና ጀምሪ" አሉኝ።

ታጠብሁ። ካፖርቱን ለበስሁ። አንድ በአንድ አለፉልኝ፤ ጆሮ ሥር፣ ዓይን፣ አፍ፣ ላት፣ ብብት፣ ጭን። እጄ አልረሳም ነበር። ሁሉም ንጹሕ ነው፣ ጠጉራቸው ያበራል፣ ሰዎቹ ለፍተዋል። መጨረሻ ላይ አቶ ደምሴ የራሱን በግ ይዞ መጣ። ከሁሉም የሚያምር ሙክት ነው፤ ላቱ ሰፊ፣ አንገቱ ወፍራም። ከታች ጀምሬ ወደ ላይ መጣሁ። ከመንጋጋው ሥር፣ ከጆሮው ዝቅ ብሎ፣ ጣቴ አንድ ነገር ላይ ቆመ። የባቄላ ፍሬ ታክላለች። ፈንጣጣ አይደለም፤ እጢ ነው። ግን እንዲህ ያለው ውስጡ መግል ይይዝና ማቆያ ውስጥ ይፈነዳል፣ ሌላውን ያበላሻል። አይገባም።

እጄን ሳላነሣ ደግሜ ዳበስኋት።

"ምነው?" አለ ደምሴ።

"ይመለስ" አልሁ።

"የእኔው?"

"የእርስዎው።" እጁን ይዤ እብጠቷ ላይ አስቀመጥሁለት። ዳበሰ፤ ደግሞ ዳበሰ። ከሌሎች ለይተው ይሰሩት፣ ሐኪም ይየው፣ እስኪድን አይቀላቀል አልሁት።

ከኋላ አንዱ የመንደሩ ሰው "ደምሴ፣ በጠራኸው ዳኛ ተፈረደብህ" አለና ሁሉም ሳቁ። እሱም ሳቀ። ገመዱን ከእጄ ተቀብሎ "እግዜር ይስጥልኝ እትዬ" አለኝ። የሌሎቹን በጎች መንገድ ትቶ በዳር በዳር፣ በሳሩ በኩል፣ በጉን እየሳበ ወጣ።

ሌሎቹ ገቡ። ሃያ አንዱን ቀን ከአጥሩ ውጭ ጀርባዬን ሰጥቼ ቁጢጥ እያልሁ ጠበቅኋቸው። መኪናው መጥቶ ሲጫኑ የጆሮ ቁጥራቸውን እኔ ጠራሁ፣ ኃላፊው ጻፈ። የጎደለ አልነበረም።